ትንሽ ይቆነጥጣል

«አይዞሽ፣ ትንሽ ይቆነጥጣል እንጂ አያቃጥልም። ከቆነጠጠሽ መድኃኒቱ እየገባ ነው ማለት ነው» አለች ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ደንበኛ፣ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ሸጉጣ።

ከኋላዋ የቆመችው ፀጉር ሠሪ ፀጉር የሚያለሰልሰውን ኬሚካል፣ ሪላክሰሩን፣ በፕላስቲክ ሳህን እያማሰለች ነበር። እጇ ቀጥ አለ። የሰው መልክ ይረሳል፣ አለባበስም ይቀየራል፤ ይህን ድምፅ ግን ከሺህ ሰው መሃል ትለየዋለች። ይህንኑ ንግግር፣ ቃል ሳይጨመርበት ቃል ሳይቀነስበት፣ ባለፈው ዓመት እጇን ትራስ ላይ ዘርግታ ሰምታዋለች።

ቀና ብላ መስታወቱን አየች። ያችው ናት። አገጯ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ እንኳ ቦታዋን አልለቀቀችም። ሴትዮዋ ግን ከመስታወቱ ውስጥ አይታት ፈገግ ከማለት በቀር ምንም አልመሰላትም። እንዴትስ ይምሰላት? ያን ጊዜ ፀጉር ሠሪዋ ከሥራ እንደወጣች በሻሽ ተጠቅልላ ነበር የሄደችው፤ ሴትዮዋም የክሊኒክ ፊዚዮቴራፒስት ናትና ከፊቷ ይልቅ ያየችው እጇን ነው። እሱንም ቢሆን ደህና አድርጋ አላየችውም። ብታየው ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ መቀስ ሲይዝ የኖረ አውራ ጣቷ አንድ ሰሞን ማመም ጀመረ። ሐኪሙ የጅማት መቆጣት ነው አለና ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላካት። እዚያ አንድ ትንሽ ማሽን አለ። በመድኃኒት የራሰ ፓድ ቆዳ ላይ ይለጠፍና ደከም ያለ ኤሌክትሪክ መድኃኒቱን እየገፋ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ክኒን የለ፣ መርፌ የለ። መርፌ ካየች ነፍሷ የሚወጣ ሴት ናትና ይህን ስትሰማ ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

ብቻ በዚያው ሰሞን ጓንቷ ተቀዶ ሪላክሰር አንጓዋ ላይ ፈስሶ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቦታ ልጦባት ነበር። ማንም አልጠየቃትም። ማንም እጇን ገልብጦ አላየውም። ፓዱ እዚያው ላይ ተለጠፈ። «ያቃጥለኛል» አለች። «ትንሽ ይቆነጥጣል» ተባለች። ጥቂት ቆይታ «ኧረ ዶክተር፣ ያቃጥለኛል» ብላ ደገመች። ሴትዮዋ ዶክተር አልነበረችም፤ መጠሪያው ግን ሳይጥማት አልቀረም፣ አላረመቻትም። «ሲሠራ ነው እንደዚያ የሚያደርገው፤ ታገሺ» አለችና ስልኳ ሲጠራ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ፀጉር ሠሪዋም መታገሥ ጨዋነት መስሏት ጥርሷን ነክሳ ተኛች። ፓዱ ሲነሳ ቆዳዋ አብሮ ተነሳ።

ቁስሉን ያከመው ሌላ ሐኪም በኋላ እንዳስረዳት፣ ኤሌክትሪክ እንደ ውኃ ነው። ደህና ቆዳ ላይ ተሰራጭቶ ያልፋል፤ የተላጠ ቦታ ካገኘ ግን ሁሉም በዚያች ቀዳዳ ልግባ ይላል። «ማሽኑ ክፉ አይደለም» አላት ሐኪሙ፤ «ቆዳው ደህና መሆኑን ማየት፣ ፓዱ እንዳይደርቅ መጠበቅ፣ ሰው አቃጠለኝ ሲል ደግሞ ማጥፋት ብቻ ነው የሚፈልገው።» «ብቻ!» አለች እሷም በፋሻ የተጠቀለለ እጇን እያየች። ጠባሳው ከሥሩ ካለው ጅማት ጋር ተጣበቀና አውራ ጣቷ አልታጠፍም አለ። ክሊኒኩ «የቆዳሽ ጠባይ ነው» ብሎ ሸኛት። ባሏ «ከነሱ ጋር ተካስሰሽ የት ልትደርሺ፣ ተይው» አላት። ተወችው። አፏ ተወው ማለት ነው፤ ሆዷ ግን አንድም ቀን አልተወው። እሷ እንድትቆርጥላቸው ብለው ከሌላ ሰፈር ድረስ ይመጡ የነበሩ ደንበኞች እየቀሩ ሄዱ። አሁን መቀሱን የምትይዘው ታናሽ እህቷ ናት። ልጅቷ ሌላ ከተማ ሄዳ ልትማር ሻንጣዋን እስከ መግዛት ደርሳ ነበር፤ እህቷን ጥላ መሄድ አቃታትና ቀረች።

እና አሁን ያቺ ሴት በገዛ እግሯ መጥታ፣ አንገቷ ላይ ፎጣ ታስሮላት፣ ራሷን አመቻችታ ሰጥታ ተቀምጣለች። ሳህኑ ውስጥ ያለው ደግሞ ሪላክሰር ነው። «እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ በልቧ።

«ይቅርታ እህቴ» አለች ቴራፒስቷ ስልኩን ዘግታ፤ «ታካሚዎቼ ናቸው። በእረፍት ቀኔ እንኳ አይለቁኝም።»

«ምን ታደርጊ፣ ሰው ይወድሻላ!»

«ነገ ደግሞ ሥልጠና እሰጣለሁ። ከየክሊኒኩ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ናቸው። እንዲህ ፀጉሬን አንጨባርሬ ፊታቸው ልቆም?»

«በምን ላይ ነው ሥልጠናው?»

«በቆዳ በኩል መድኃኒት የሚያስገባ የኤሌክትሪክ ማሽን አለን። እኔ የምናገረው በተለይ ስለ ደኅንነቱ ነው።»

ማማሰያው ሳህኑን ገጭ አደረገው። ስለ ደኅንነቱ! ሌላ ሰው ጠፍቶ!

«እኔን ነው?» ብለው ጮኹ ጥግ ላይ ካለው የፀጉር ማድረቂያ ካስኮ ሥር የተቀመጡት ጡረተኛ መምህርት። ካስኮ ከገቡ የሚወራው ሁሉ ስለ እሳቸው ይመስላቸዋል፤ ድምፃቸውም ለራሳቸው ስለማይሰማቸው ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት የቆሙ ያህል ነው የሚጮኹት።

«እርስዎን አይደለም መምህር! አርፈው ይድረቁ!» አለች ፀጉር ሠሪዋ፤ ቴራፒስቷም ከልቧ ሳቀች። ሳቋ ደስ የሚል መሆኑ ፀጉር ሠሪዋን ይበልጥ አናደዳት።

ሪላክሰር ከመቀባቷ በፊት ሳትጠይቅ የማታልፋቸው ነገሮች አሉ። ራስሽን አክከሻል? ቁስል አለሽ? በቅርቡ ታጥበሻል? አንዳንዷ ደንበኛ ንጽሕናዋ የተጠረጠረ መስሏት ፊቷን ታጠቁራለች፤ ግድ የላትም፣ ትጠይቃለች። ከዚያ ፀጉሩን እየከፈለች በዓይኗ ታያለች። ከዚያ ኬሚካሉ እንዳያቃጥል ግንባሩን፣ የጆሮውን ዙሪያና ማጅራቱን ቫዝሊን ትቀባለች። አዲስ ፀጉር ሠሪ ስታሠለጥንም መጀመሪያ የምታስተምራት ይህንኑ ነው። ዛሬ አልጠየቀችም። ቫዝሊኑም ከመደርደሪያው አልወረደም። ፀጉሩን ስትከፍል ግን ዓይን ልማዱን አይተውምና አየች፤ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ ጥፍር የቧጨረው ቀይ መስመር አለ። ያየችውን እንዳላየ ሆና ብሩሹን ነከረች።

ማጠቢያው ጋ የቆመችው እህቷ አንገቷን አስግጋ ስትመለከት ቆይታ ቀረብ አለች። «እትዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «አልጠየቅሻትም እኮ።»

«ጠይቄያታለሁ። አንቺ ውጭ ሳለሽ ነው።»

«የት ወጣሁ እኔ? ቫዝሊኑስ?»

«ሂጂ ፎጣሽን እጠቢ!»

ደንበኛ ፊት እንዲህ ተቆጥታት አታውቅም። እህቷ ፊቷ ቀልቶ ወደ ማጠቢያው ተመለሰች፤ ዓይኗን ግን ከታላቋ እጅ ላይ አላነሳችም።

ፀጉር ሠሪዋ ከፊት ጀምራ ቀባች። ልቧ ገና ሁለት ነበር። ትንሽ አስደንግጬያት ብቻ ልተዋት ትላለች፤ መልሳ ደግሞ ለምን ሲባል ትላለች። እንዲሁ ለጨዋታ ያህል አስመስላ፣ «ማሽኑ ግን አያስፈራም? ሰው አቃጥሎ አያውቅም?» ብላ ጠየቀች።

«አንዴ አጋጥሞኛል» አለች ቴራፒስቷ፤ «ነገም እሷን ነው ምሳሌ የማደርጋት። አንዲት ሴት ነበረች። እየተቃጠለች ዝም አለች።»

«ዝም አለች?»

«ምንም አላለችም! አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ወዲያው አጠፋው ነበር። ነገ የምነግራቸው ይህን ነው፤ ከማሽኑ ይልቅ ዝም የሚል ታካሚ ያስፈራል።»

የፀጉር ሠሪዋ ደም ፈላ። መቃጠሏ አነሰና፣ የቆዳሽ ጠባይ ነው መባሏ አነሰና፣ ነገ ደግሞ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አፍ የሌላት ሴት ሆና ልትቀርብ ነው። «እጄን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ አፌን ልትወስድ ነው» አለች በሆዷ። ልቧ ከዚያ በኋላ ሁለት አልሆነም። ብሩሹን ሞልታ ነከረችና የተቧጨረው መስመር ላይ ከመረችበት። እላዩ ላይ ደረበችበት። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገችው፤ «ያቃጥለኛል» የሚለውን ቃል ከዚያች ሴት አፍ መስማት። ምን ብላ እንደምትመልስላት አሳምራ ታውቃለች፤ ዓመት ሙሉ ሲብሰለሰል የኖረ መልስ ነው።

ቀብታ ጨረሰች። እጆቿን አጣምራ ቆመች። የሚታጠብበት ሰዓት ደረሰ፤ አለፈም። ታናሿ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፣ እህቷን አየች፣ ውኃውን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

ቴራፒስቷ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠች። «እህቴ፣ ይቅርታ… ያቃጥለኛል መሰለኝ።»

የፀጉር ሠሪዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ። «አይዞሽ፣ ትንሽ ይቆነጥጣል» አለች ቃላቱን እያጣጣመች። «ሲሠራ ነው እንደዚያ የሚያደርገው፤ ታገሺ።»

መስታወቱ ውስጥ የሴትዮዋን ፊት ጠበቀች። አሁን ይበራላታል፣ አሁን ትደነግጣለች ብላ ጠበቀች። ሴትዮዋ ግን የገዛ ራሷን ቃል እንኳ አላወቀችውም። እንደ ታዛዥ ልጅ ራሷን ነቀነቀችና የወንበሩን ክንድ ያዘች።

«ኧረ ከኋላ በኩል በጣም ነው የሚያቃጥለኝ!»

«ለቁንጅና ሲባል ምን የማይቻል አለ?»

ቴራፒስቷ ለመሳቅ ሞከረች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እሺ» አለች፤ «አንቺ ታውቂያለሽ።» ዓይኗን ጨፍና ዝም አለች።

ፀጉር ሠሪዋ ያን ዝምታ ስታየው ክው አለች። እሷም ያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ተናግራ ታገሺ ስትባል ያለችው ይህንኑ ነበር፤ «እሺ፣ እርስዎ ያውቃሉ» ብላ ነበር ዓይኗን የጨፈነችው። ሰው ሕመም ጠፍቶለት ሳይሆን ያውቃሉ ያላቸውን አምኖ ነው ዝም የሚለው። መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች፤ ደረቷ ላይ እጇን አጣምራ፣ ሰው እየተቃጠለ ቆማ ታያለች። ስልክ ብቻ ነው የጎደላት። ከማንም ጋር ብትመሳሰል ደንታ አልነበራትም፤ ከዚች ሴት ጋር መመሳሰል ግን አንገሸገሻት። ራርታላት እንዳይመስላችሁ። ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰበት።

«ተነሺ!» አለችና ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። «ወደ ማጠቢያው! ቶሎ! አንቺ፣ ቀዝቃዛውን ክፈቺው! የሪላክሰሩን ሻምፖ አምጪ!»

እህቷ እስካሁን ይህን ስትጠብቅ እንደነበረች ሁሉ ውኃው ከቃሉ ቀድሞ ፈሰሰ። ፀጉር ሠሪዋ ጓንቷን አውልቃ ወረወረችና በባዶ እጇ አጠበች። አለቀለቀች፣ ሻምፖ ጨመረች፣ እንደገና አለቀለቀች። ሪላክሰሩ ካልጠፋ ሮዝ የሚሆነው አረፋ ነጭ እስኪሆን አላቆመችም። ከዚያ ፀጉሩን ገልጣ አየች። ቆዳው ቀልቷል፣ የተቧጨረው መስመር አብጧል፤ አልተላጠም። እፎይ ያለችው እህቷ ናት።

ቴራፒስቷ ውኃው በፊቷ ላይ እየወረደ ቀና ስትል፣ ዓይኗ ፎጣ በዘረጋላት እጅ ላይ አረፈ። አንጓው ላይ የተጨማደደ፣ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ አለ። አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ተለይቶ እንደ ችካል ቆሟል። ፎጣውን ሳትቀበል ቀረች።

«ይህ… ምንድን ነው?»

«አታውቂውም እንዴ? የእጅሽ ሥራ እኮ ነው።»

ቴራፒስቷ ከጠባሳው ወደ ፊቷ፣ ከፊቷ ወደ ጠባሳው አየች። መምህርቷ ካስኮውን ገፍተው አንገታቸውን አወጡ፤ ይህኛው ወሬ ስለ እሳቸው እንዳልሆነ ገብቷቸዋል።

«ዝም ያለችው ሴትዮ እኔ ነኝ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ሁለት ጊዜ ነገርኩሽ። ሁለት ጊዜ!»

«እኔ… አልሰማሁም ነበር…»

«ሰምተሻል። ታገሺ ብለሽ መልሰሽልኛል። ያልሰማ ሰው ይመልሳል?»

ውኃ ከቴራፒስቷ ፀጉር ትከሻዋ ላይ ይንጠባጠባል። «ሰምቻለሁ» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «ብዙ ሰው ያቃጥለኛል ይላል፤ አብዛኛው ትንሽ ቆንጥጦት ነው። መጥቼ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። ኃላፊዬ ሲጠይቀኝ ደነገጥኩና ምንም አላለችም አልኩ። ከዚያ ደጋግሜ ስናገረው እኔም አመንኩት።»

«እኔ ግን ላምነው አልቻልኩም።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አላደርግልሽም።»

ቴራፒስቷ ማጅራቷን በጣቷ ነካ አድርጋ ፊቷን አጨፈገገች። «እና ይህን… አውቀሽ ነው?»

«እትዬ፣ ዝም በይ!» አለች እህቷ።

«ለምን ዝም እላለሁ? አውቄ ነው። አንቺ ሳታዪ ነው ያቃጠልሽኝ፤ እኔ መቧጨርሽን አይቼ ነው የቀባሁብሽ። መክሰስ ከፈለግሽ ክሰሺኝ። ምንም አላለችም ብዬ ግን አልዋሽም፤ ያቃጥለኛል ብለሻል፣ ሰምቻለሁ።»

መምህርቷ «ጉድ ነው!» አሉ፤ ካስኮው ከራሳቸው ላይ ስለተነሳ ለአንዴም ቢሆን በሹክሹክታ ነበር። ቴራፒስቷ በሩን አየች። ከዚያ መስታወቱን። ፀጉሯ ከፊት በኩል ተኝቷል፣ ከመሃል በኩል ቆሟል፣ ሪላክሰር የተከመረበት የኋላው ደግሞ ሲነካ እንደ ማስቲካ ይለጠጥና ይበጠሳል።

«ይህስ ምን ይሆናል?» አለች የተበጠሰውን በመዳፏ ይዛ።

«ሞቷል። መቆረጥ አለበት» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

እህቷ መቀሱን አንስታ መጣች። ታላቋ እጇን ዘረጋች። «ስጪኝ።»

«እትዬ፣ በዚያ እጅሽ?»

«በዚህ እጄ።» ወደ ቴራፒስቷ ዞረች። «ከፈለግሽ ሂጂ፤ በሩ ክፍት ነው። እኔ እንዴት እንደምቆርጥ ማየት ከፈለግሽ ደግሞ ተቀመጪ።»

ቴራፒስቷ ሄዳ ተቀመጠች።

ድሮ በዚያ እጅ መቀሱ ሳይታይ ነበር የሚሠራው። አሁን ጣቱ የመቀሱ ቀለበት ውስጥ እንዲገባ እንኳ በሌላኛው እጅ መገፋት ነበረበት። መቀሱ ፀጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ አኘከው። በእያንዳንዱ ቆረጣ ሕመሙ እስከ ክርኗ ይወጣል፤ ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ አለ። እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቆም ትላለች፣ ጣቷን ታሻለች፣ ትቀጥላለች። እህቷ ማየት አቅቷት ፊቷን አዞረች። ቴራፒስቷ ግን አላዞረችም። መስታወቱ ውስጥ ያን እጅ ስታይ ቆየች፤ አለቀሰችም፣ ግን አንዴም እንባዬን ልጥረግ ብላ ዓይኗን አልከደነችም።

ሲያበቃ ቆረጣው ከአንዱ ጆሮ ሥር ጀምሮ ወደ ሌላው ቁልቁል ወርዶ ነበር። ጀማሪ እንኳ የማትሠራው ጠማማ ነው።

«በይ ዞር በይልኝ፣ እኔ ላስተካክለው» አለች እህቷ ፈጥና፣ መቀሱን ከተቀመጠበት መደርደሪያ ላይ አንስታ። «ነገ ሰው ፊት የምትቆም ሰው ናት እኮ። ሁለት ቦታ ነካ ባደርገው ይስተካከላል።»

ቴራፒስቷ አልለመነችም። መስታወቱ ውስጥ የፀጉር ሠሪዋን ፊት እያየች ጠበቀች።

ፀጉር ሠሪዋ ጠማማውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ተመለከተችው። ፀጉር ያድጋል። በሳምንታት ውስጥ ይህ ሁሉ ተረስቶ ሴትዮዋ ሌላ ፀጉር ቤት ገብታ አምሮባት ትወጣለች። የነገው ግን የነገ ነው። ከአዳራሹ አንዷ መጠየቋ አይቀርም።

«አይነካም» አለች። ፎጣውን ከአንገቷ ፈትታ አራገፈችው። «ማን ነው እንዲህ አድርጎ የቆረጠሽ ሲሉሽ መልሱን ታውቂዋለሽ።»

«እትዬ፣ ኧረ ተይ…»

መቀሱን ከእህቷ እጅ ወስዳ መሳቢያው ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት።